ደረቅ ጉንጭ

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ እንባውን አይጠርግም ነበር። ነውር ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚያስቀጣ ነው። አልቃሹ ፊቱን እንደረጠበ ይዞ የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ጉንጩን ወደ አንባቢው፣ እንባ ወደሚያነበው መሣሪያ፣ ያዞራል፤ አንባቢው ትንሽ እዝዝ ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ ሰውየውም ገብቶ ወንበር ይይዛል። ቀይ ቢያበራበትም ገብቶ ይቀመጣል፣ ማንም አያባርረውም። ብቻ አጠገቡ ያለው ሰው ወንበሩን ፈቀቅ ያደርጋል።

የሌላውን እንባ መጥረግማ የባሰ ነበር። ድሮ ሴቶች ሲላቀሱ አንዷ የሌላዋን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ታብስ እንደነበር አሮጊቶች ያወሩ ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ተረት ይመስላቸዋል። ያንን ያደረገች ሴት «ማስረጃ በማጥፋት» ትጠየቃለች። ስለዚህ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንዱ የሌላውን እንባ እስኪደርቅ ያያሉ። ልጅ ለቅሶ ቤት ሲወሰድም ከሁሉ በፊት የሚነገረው «ፊትህን እንዳትነካ» የሚል ነው።

ይህን ሁሉ፣ ሳታስበው፣ ያመጣችው ዶክተር ሄርሜላ ናት።

ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። ወጣት ሆና ሥራ የጀመረችው ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዋ የነገሮችን ላይኛ ቆዳ ማየት ነበር፤ ውስጣቸውን አይደለም፣ ላያቸውን ብቻ። ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የምትቀጥነውን፣ ዓይን የማያያትን፣ ጣት የማይዳስሳትን የመጨረሻዋን ሽፋን። አንዱ ቆርቆሮ ከሌላው ቀድሞ ለምን እንደሚዝግ ከዚያች ሽፋን ላይ ታነባለች። አንዳንዴ ጥፋቱ ዘይት ነው፣ አንዳንዴ ጨው፣ አንዳንዴ ደግሞ ቆርቆሮውን ያነሳው ሰው ምሳውን በልቶ እጁን አለመታጠቡ ነው። ከቆርቆሮ ወደ ቆዳ፣ ከቆዳ ወደ ክኒን፣ ከክኒን ወደ ዳቦ ቅርፊት ሄደች። በደረሰችበት ሁሉ ሰው ተደነቀ። ዳቦ ቤቶች በራቸው ላይ «ቅርፊቱ የተነበበ» ብለው ለጠፉ። ቤተሰቦች የልጃቸውን የቃል ኪዳን ቀለበት ከእነሱ በፊት ማን ማን እንደነካው ማስነበብ ጀመሩ፤ አንዳንዱ ሠርግም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ዕድሮች መጡ።

ዕድሮች የቆየ ችግር ነበረባቸው። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ ይሄ የጥንት ነው። ግን የመጣውስ? የመጣው ስልኩን እያየ ይቀመጣል። ቆይቶ ደግሞ ሰው ራሱ ቀርቶ በሚንቀሳቀስ የብርሃን ምስሉ መምጣት ጀመረ። ወንበሩ ላይ ምስሉ ተቀምጦ በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል፣ ባለቤቱ አዳማ ላይ ጥብስ ይበላል። አንድ የዕድር ዳኛ በስብሰባ ላይ ተነስቶ «መገኘት ማዘን አይደለም» አለ፤ ተጨበጨበለት። በሳምንቱ የዳኞች ቡድን ወደ ዶክተር ሄርሜላ ቤተ ሙከራ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ «እንባ ይነበባል ወይ?» ሲል ጠየቀ።

ሄርሜላ ጥያቄ ትወዳለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ እንዴት ብላ ነው የተነሳችው።

በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ ሽንኩርት ልጦ መጣ። የሽንኩርት እንባ ጉንጭ ላይ የሚተወውን አግኝታ አንባቢው እንዲለየው አደረገች። በጨው ውሃ መጡ፣ እሱንም ለየች። በምራቅ መጡ፣ እሱንም። ሕፃን እየቆነጠጠ እንባ የሚሸጥ ነጋዴ ተገኘ፤ የሕፃኑን እንባ ከአዋቂው ለየች። ለእያንዳንዱ ሽልማት ተሰጣት። ባሏ ኢዮስያስ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር፤ ሽልማቶቹን ፍሪጃቸው ላይ እየደረደረ «ሄርሚ፣ ይሄ ሁሉ ነሐስ ፍሪጁን እያሞቀው ነው፣ ሥራ ልትፈጥሪልኝ ነው» ይላት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኢዮስያስ ወተት ከፍሪጅ አውጥቶ፣ ብርጭቆ ላይ ቀድቶ፣ ሳይጠጣው ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ሞተ።

መሬት ስላልነበረ በዚያ ዘመን ሙታን የሚያርፉት በፎቅ ነበር። ዕድሩ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለ አምስት ፎቅ መቃብር ነበረው። ኢዮስያስን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወደ ወንዙ በሚያየው በኩል አስገቡት። አጠገቡ አንድ ባዶ ቦታ ቀረ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ከሟች ጎን ያለው ቦታ የትዳር ጓደኛው ነው፣ በሦስቱ የለቅሶ ቀናት አንዴ እንኳ ጉንጩ ረጥቦ ከተነበበ። ሦስቱንም ቀን ደረቅ ከሆነ ግን ቦታው ለሟቹ ከሁሉ አብልጦ ለረጠበለት ሰው ያልፋል። ይህ ደንብ ሲጸድቅ ዶክተር ሄርሜላ የክብር እንግዳ ነበረች። አጨብጭባለች።

ከቀብር መልስ ጉንጯን አዞረች። ቀይ። ሰው ሁሉ «ድንጋጤ ነው፣ ድንጋጤ ያደርቃል» አለ። በሁለተኛው ቀን እንደገና አዞረች። ቀይ። ያኔ አንድ ሁለት ወንበር ፈቀቅ ሲል ሰማች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ናሙና ላይ አጎንብሳ የኖረች ሴት ናት። ናሙና ላይ አይተነፈስም፣ አይሳልም፣ ጠብታማ ከወደቀበት የወር ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ገና ዓይኗ ሙቀት ሲሰማው አንገቷ ራሱ ወደ ኋላ ይላል፣ ትንፋሿ ይቆማል፣ እንባው ከመጣበት ይመለሳል። እናቷ ስትሞት እንዲሁ ሆነ። ሰው ጨካኝ አላት፤ እሷ ሙያ አለችው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ እትዬ ቢታንያ መጣች። በዚያ ዘመን ቢታንያ የአሮጊት ስም ነው። ይቺ ሴት እንባ የታደለች ነበረች፤ የሰፈር ድመት ብትሞት እንኳ አረንጓዴ ታበራለች። የገዛ ባሏን አልቅሳ የራሷን ቦታ አግኝታለች፤ ከዚያ ደግሞ ሚስቶቻቸው የደረቁባቸውን ሦስት ወንዶች አልቅሳ፣ በደንቡ መሠረት የሦስቱንም ጎን ወርሳለች።

«ነገ ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት ገና ሳትቀመጥ።

«እቀመጣለሁ። ይነበባል።»

«ይነበባል ትላለች። ምንሽ ነው የሚነበበው? እንደ ብርጭቆ ደርቀሽ።»

«ቢታንያ፣ እንባ በትእዛዝ አይመጣም።»

«ለኔ ይመጣል።»

«አንቺ ሌላ ነሽ።»

«እስቲ አስቢው። መጀመሪያ የተገናኛችሁበትን ቀን አስቢ።»

«አሰብኩት። ቤተ ሙከራችን ማቀዝቀዣ ሊጠግን መጣ። የናሙናውን ሣጥን በባዶ እጁ ነካው።»

«እሺ?»

«ተቆጣሁት።»

ቢታንያ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። «እህቴ፣ እኔን የሚያሳፍረኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ነገ አንቺ ከደረቅሽ እሱም ለኔ ነው። አሁን በአራት ወንድ ጎን ቦታ ይዣለሁ። አምስተኛ ሲጨመር ሰማይ ቤት ምን ይሉኛል?»

ቢታንያ ጉሮሮዋ ደርቆ ውሃ ልታወጣ ወደ ፍሪጁ ሄደች።

«እጀታውን አትንኪው» አለቻት ሄርሜላ። «በጠርዙ፣ በጥፍርሽ ክፈቺው።»

«ምን ሆነ? ያዛል?»

«አይ። ወተቱን ሲያወጣ ይዞታል።»

«ማን?»

«ኢዮስያስ ነዋ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። እዚያ ላይ ጨው አለ፣ የቆዳው ቅባት አለ፣ ትንሽ የሳሙናው አለ። ብትነኪው ካንቺ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ መለየት አይቻልም።» እንደ መምህር ነበር የምታስረዳው፣ ረጋ ብላ። «ብዙም አይቆይም። አየሩ ራሱ ይሸፍነዋል። ምንም ነገር ላዩ እንደነበረ አይቆይም። ግን ትንሽ ቀን።»

ቢታንያ ጥፍሯን በፍሪጁ ጠርዝ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሄርሜላ አየቻት። ጥሩ ንባብ ይወጣዋል ብላ አሰበች፣ ሐሳቡም ራሷን አሳፈራት።

«ውሃ አልፈለግሁም» አለች ቢታንያ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወዴት እንደሄደች ሄርሜላ የገባት በማግስቱ ነው።

በሰልስቱ ቀን ድንኳኑ ሞላ። ሰው የመጣው ለኢዮስያስ ብቻ አልነበረም፤ አንባቢውን የሠራችው ሴት በአንባቢው ስትወድቅ ለማየት ከዶዶታና ከሐርቡ ድረስ የመጣ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሚልኪያስ ከፊት ቆመ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ደንብ አክባሪ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ ስለማያውቅ፣ ሲዋሽ ከሩቅ ያስታውቃል።

«እንግዲህ ዶክተር፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ አንባቢውን ወደ ጉንጯ አስጠጋ። አንባቢው እዝዝ አለ፣ አሁንም እዝዝ አለ፣ ቀይም አረንጓዴም ሳያበራ ጠፋ።

«ኧረ» አለ ጋሽ ሚልኪያስ፣ የተጻፈለትን እንደሚያነብ ሰው። «ይህ ነገር ምን ሆነ። እንግዳ ነገር ነው። መሣሪያው አልሠራም።»

«አልሠራም» አሉ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሦስት ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«መሣሪያው ካልሠራ በሦስት ሰው ምስክርነት ይፈጸም ይላል ደንቡ። እንግዲህ ዶክተር ሄርሜላ ለባለቤቷ ማልቀሷን ያየ ምስክር አለ?»

ሦስቱ ቀድመው ቆመው ነበር።

አሁን ትንሽ ዝም ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተማክሮበታል፤ ዳኛው አድሮበታል፤ ምስክሮቹ ተለማምደውታል። ግን ሄርሜላ ምስክሮቹን አላየችም፣ ዳኛውንም አልሰማችም። ዓይኗ የአንባቢው መስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ቅባት ተለድፎበታል፤ በብርሃኑ ላይ ቀስተ ደመና ይሠራል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «ተበላሽቶ አይደለም። ቅባት ነው።»

«ግዴለም ዶክተር» አለ ጋሽ ሚልኪያስ፣ መሣሪያውን ወደ ደረቱ እየሸሸገ።

«ስጡኝማ። እንዴት እንዲህ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ?»

እጇ ከቦርሳዋ የአልኮል ጠርሙስና ብናኝ የማይተው ጨርቅ ሲያወጣ ልቧ አብሮ አልነበረም፤ ልማድ ነው። ተማሪዎቿን እንዳስተማረችው ከመሐል ወደ ዳር፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ጨርቁን እየገለበጠች ወለወለችው። በብርሃን አየችው። አንዴ ደገመችው። ፊቷ ላይ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእርካታ ነገር ታየ።

«አሁን ይሠራል» ብላ መለሰችለትና ጉንጯን አዞረችለት።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ሳለ። ጋሽ ሚልኪያስ መሣሪያውን ይዞ የሚረዳው ፍለጋ ዙሪያውን አየ፤ የሚረዳው አልነበረም። አስጠጋው። አንባቢው በጣም ጥሩ ሠራ። ቀይ።

«በደንቡ መሠረት» አለ ዳኛው፣ አሁን እውነተኛ ድምፁ ነው፣ «በሦስቱም ቀን ስላልተነበበ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ካልታረመ በቀር፣ ከአቶ ኢዮስያስ ጎን ያለው ቦታ ከሁሉ ከፍ ያለ ንባብ ላስመዘገቡት ይተላለፋል። እሳቸውም...» አልጨረሰውም። ሁሉም ወደ እትዬ ቢታንያ ዞሯል።

ሄርሜላ የሚሆነው ያኔ ገባት። መጀመሪያ የገባት ቅባቱ ነው፤ ቢታንያ በየጠዋቱ ፀጉሯን የምትቀባው ያው ቅባት ነው፣ ሽታው ጨርቁ ላይ ቀርቷል። ቀጥሎ የገባት አራተኛው ፎቅ ነው። ወንዙ፣ መስኮቱ፣ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከጎኑ ተኝታለች፤ ከዚህ በኋላ ግን አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሐል ልትሆን ነው።

«ትክክል ነው ያነበበው» አለች ቀስ ብላ።

«ትክክል ነው ትላለች» አለች እትዬ ቢታንያ። ከወንበሯ ተነስታ መጥታ አጠገቧ ዱብ ብላ ተቀመጠች። «አንቺ ሴት፣ እኔ እኮ ነኝ የቀባሁት። ይኸን ደንብ አክባሪ ሰው ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። የቄስ ልጅ ነኝ አልዋሽም እያለ አሠቃይቶኛል።»

ጋሽ ሚልኪያስ ጫማውን አየ።

«አሁን እኔ ኢዮስያስን ምን ልበለው? ከጎኑ ስጋደም ዞር ብሎ ሚስቴስ ቢለኝ፣ መስታወት እየወለወለች ነው የቀረችው ልበለው?»

«እሱ አይዞርም» አለች ሄርሜላ።

«ለምን አይዞርም?»

«አንዴ ከተኛ አይዞርም። ያንኮራፋል።»

ቢታንያ ነገሩን ከዘላለም ጋር እያመዛዘነችው ነበር። «በጣም?»

«በጀርባው ሲተኛ ብቻ ነው። በጎኑ ሲሆን ሰላም ነው።»

«በምኑ ነው ያስተኛችሁት?» አለች ቢታንያ ወደ ዳኛው ዞራ።

ጋሽ ሚልኪያስ የዕለቱን ውሸት ጨርሷል። «በጀርባው» አለ።

ድምፁ መጀመሪያ ከሄርሜላ አፍንጫ ነው የወጣው። ትንፋሿን ያዘች፣ አንገቷን ወደ ኋላ አለች፣ እንደ ልማዷ። አልሆነም። ልማዱ ለእንባ ነበር የተሠራው፤ ሳቅ ናሙና ላይ መጥቶባት አያውቅም፣ እንዴት እንደሚያዝ አታውቅም። ትከሻዋ ተናወጠ። «ሠላሳ... ሠላሳ ስድስት ዓመት» አለች፣ «በክርኔ ስመታው ነው የኖርኩት» አለች፣ ከዚያ መናገር አቃታት። ቢታንያም አብራት ትስቃለች፣ «አብሽሪ እኔም እመታዋለሁ» እያለች። ከኋላ የተቀመጡት ምን እንደተባለ ስላልሰሙ፣ ሁለት አሮጊቶች ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ ብቻ ነው የታያቸው። አንዳንዶቹ ተነስተው ቆሙ። አንዲት ሴት «እሰይ፣ ወጣላት» አለች።

የሄርሜላ ጉንጭ ከዓይኗ እስከ አገጯ ረጥቧል።

ደንብ አክባሪ ሰው ለአንድ ነገር ይጠቅማል። ድንኳኑ ገና አልተነሳም። ጋሽ ሚልኪያስ በሁለት እርምጃ ደርሶ አንባቢውን አስጠጋ። መስታወቱ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅምና መሣሪያው ገና ሳይጠጋ አነበበ። አረንጓዴ። ጋሽ ሚልኪያስ አንባቢው ላይ የተጻፈውን ከፍ አድርጎ፣ ለመጨረሻው ወንበር እንዲሰማ አድርጎ አሰማ፦ «ኀዘን፣ ጥልቅ። በዚህ ዕድር ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። «ይኸን ሁሉ ይዛ ነው» ይላል አንዱ። «ያልተናገረ ነው የሚያዝነው» ይላል ሌላው። ፈቀቅ ያሉት ወንበሮች ተመልሰው ተጠጉ።

ሄርሜላ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀና አለች። ሽንኩርቱን ለይታለች፣ ጨዉን ለይታለች፣ ምራቁን ለይታለች። ለቅሶ ቤት ሰው ይስቃል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ሳቅን የለየ የለም። የሳቅ መሆኑን እርግጠኛ ነበረች፤ ቢያንስ ሲጀምር። ስህተት ንባብ ነው፣ ስህተት ንባብ ደግሞ ተመዝግቦ መቅረት የለበትም። ጣቷን አነሳች።

«ጋሽ ሚልኪያስ፣ ይቅርታ፣ ይሄ እኮ የሳ...»

እትዬ ቢታንያ አጠገቧ ካለው ትሪ አንድ እፍኝ ንፍሮ አንስታ አፏ ውስጥ ጨመረችላት።

«ብዪ» አለቻት። «ሦስት ቀን እህል አልቀመስሽም።»

ሄርሜላ በዓይኗ ታገለች። ንፍሮው ግን ብዙ ነበር፣ ሽምብራውም በደንብ አልበሰለም። አላመጠች። ጋሽ ሚልኪያስ ውጤቱን አጸደቀ። አላመጠች። ወጣቶች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ቢታንያ በአንድ እጇ ሌላ እፍኝ ይዛ ትጠብቃለች፤ በሌላው እጇ ደግሞ ማንም እንዳያያት ጎንበስ ብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ፣ የጓደኛዋን ጉንጭ ጠረገችላት።